ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዴት ይለካል?

 

ስለ ኩላሊት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጠጠር ነው፤ አለዚያም እጥበት። ዛሬ የምናነሣው ከሁለቱም የሚቀድም ጉዳይ ነው። ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስንት ነው? ሐኪሞችና ተመራማሪዎችስ ያንን በምን ያውቁታል? ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች የትኛው ይታመናል፣ የትኛውስ መቼ ያሳስታል? ብዙውን ጊዜያችንን የምንሰጠው ለመጨረሻው ጥያቄ ነው። የመለኪያ ዘዴ ሁሉ የሚሳሳትበት የራሱ ቦታ አለው። የሚያሳስበው ደግሞ ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ኩላሊቱ ክፉኛ በታመመበት፣ ትክክለኛው ቁጥር አጥብቆ በሚፈለግበት ሰዓት መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን እንወቅ። የአንድ ጎልማሳ ሰው ሁለት ኩላሊቶች አንድ ላይ ቢመዘኑ 300 ግራም ገደማ ይሆናሉ፤ ከሰውነቱ ክብደት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ሰውየው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በየደቂቃው ወደ ኩላሊቶቹ ይገባል። በቀን ሲሰላ ከ1,400 ሊትር በላይ ነው። ከዚያ ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጣራል፤ የተጣራው ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ወደ ደም ይገባና አንድ ሊትር ተኩል ያህሉ ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ደም ወደዚያ የሚሄደው ኩላሊት ብዙ ምግብ ስለሚፈልግ አይደለም፤ ሥራው ማጣራት ስለሆነ ነው። ከገባው ደም 90 በመቶ ገደማ የሚዳረሰው ማጣሪያዎቹ ላሉበት ለውጨኛው ክፍል ነው። ውሃውን መልሶ ለሰውነት ለሚቆጥበው ለውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው የተረፈው ነው። የኦክስጅን ግፊት ሲለካ በውጨኛው ክፍል 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይሆናል፤ በውስጠኛው ግን ከ10 እስከ 20 ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ በጤነኛ ሰው ነው። ስለዚህ በሆነ ምክንያት ደም ሲያንስ ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው በጥቂት ኦክስጅን የሚኖረው የውስጠኛው ክፍል ነው።

ደም የሚያንስበትን ምክንያት ለእናንተ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ተቅማጥና ትውከት ሲበረታ፣ እናት ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ሲፈስሳት፣ ወባ ሲከፋ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም ይቀንሳል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን ጎልማሳም አስቡት። በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ማታ ወገቡን ሲያመው ከፋርማሲ የገዛውን ዲክሎፌናክ ይውጣል። ደም ሲያንስ ኩላሊት የራሱን መግቢያ ቧንቧ ከፍቶ ለማቆየት የሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይህንን ንጥረ ነገር ይከለክላሉ። ውሃ ጠጥቶ በዋለ ጤነኛ ሰው ላይ ጉዳቱ ብዙም ላይታይ ይችላል። ውሃው ባለቀበት ሰው ላይ ግን መድኃኒቱ ለኩላሊት የቀረውን መከላከያ ይወስድበታል።

ጤነኛ ኩላሊት አማካይ የደም ግፊት ከ80 እስከ 180 ባለው መካከል ቢወጣም ቢወርድም የሚገባውን ደም እኩል አድርጎ ይይዛል። ግፊቱ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ችሎታው ያበቃና ደሙም አብሮ ይወርዳል። መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የልኬቱን መሠረት የጣለው አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1870 ነበር። ሐሳቡን ለመራዊ ሰው በቆጋ መስኖ ማስረዳት ይቀላል። 7,000 ሄክታር ማሳ እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ ቦዮቹ ብዙ ናቸው። ከቦዮቹ በአንዱ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ማወቅ ፈለግን፤ ውሃውን ግን ገድበን በባልዲ መስፈር አንችልም እንበል። ከላይ የሚመጣው ውሃ በእያንዳንዱ ሊትር 2 የገለባ ስባሪ ይዟል። ከታች ገለባውን ሁሉ የሚያስቀር ወንፊት አለ። ወንፊቱ ላይ በደቂቃ 200 ስባሪ ከተገኘ፣ ያለፈው ውሃ 100 ሊትር ነው። ወንዙን ሳንነካ ወንዙን ለካነው ማለት ነው።

ይህንን ሐሳብ ወደ ሰው ኩላሊት ያመጣው በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሆሜር ስሚዝ ነው። ስሚዝ ለአፍሪካም እንግዳ አልነበረም። በ1928 እ.ኤ.አ. እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ መጥቶ፣ ውሃ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለወራት የሚቆየውን ሳንባ ያለው ዓሣ አጥንቷል። የእኛ ሰከላ የግሽ ዓባይ አገር እንደሆነች ሁሉ ያም ሐይቅ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው። ሰውየውን ያስደነቀው ዓሣው ያለ ውሃ እንዴት እንደሚኖርና ኩላሊቱ በዚያ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ነበር።

ስሚዝና ባልደረቦቹ ገለባ የሚሆን ንጥረ ነገር ሲፈልጉ ቆይተው በ1945 እ.ኤ.አ. ፓራ አሚኖ ሂፑሪክ አሲድ የተባለውን አቀረቡ። ስሙ ረጅም ስለሆነ ፒኤኤች እያልን እንቀጥላለን። ይህ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሲሰጥ፣ ጤነኛ ኩላሊት አንድ ጊዜ ሲያልፍበት 90 በመቶውን ከደሙ ላይ ለቅሞ ወደ ሽንት ይጥለዋል። ወንፊቱ ኩላሊቱ ራሱ ሆነ ማለት ነው።

ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ቀረብ ብለን እንየው። ተመርማሪው ሽንቱ እንዲበዛ በደንብ ውሃ ይጠጣል። በአንድ ክንዱ ፒኤኤች በጠብታ ይገባል፤ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ዝቅ ሳይል እኩል ሆኖ መቆየት አለበት። ከሌላው ክንድ በየተወሰነ ደቂቃ ደም ይቀዳል። ሽንቱ በሰዓት እየተለካ ይሰበሰባል፤ ፊኛው ጨርሶ ባዶ መሆን አለበት። የላብራቶሪው ባለሙያ በሽንቱና በደሙ ውስጥ ያለውን ፒኤኤች በኬሚካል ቀለም አውጥቶ ይለካል።

ተማሪዎች፣ እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ፤ አብረን እናስላው። በሽንቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 12 ሚሊ ግራም ፒኤኤች ተገኘ። ሽንቱ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ስለዚህ በደቂቃ የወጣው 12 ሚሊ ግራም ነው። በፕላዝማው፣ ማለት ሴሎቹ ሲቀሩ ባለው የደም ፈሳሽ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.02 ሚሊ ግራም አለ። 12 ለ0.02 ሲካፈል 600 ይሆናል። ግን ወንፊቱ 10 በመቶ ያመልጠዋልና 600ን ለ0.9 እናካፍላለን፤ 667 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ በደቂቃ። ይህም ቢሆን ገና ሙሉው ደም አይደለም፤ ቀይ የደም ሴሎቹ አልተደመሩም። ሄማቶክሪቱ፣ ማለት ከደሙ ውስጥ ሴሎቹ የያዙት ድርሻ፣ 45 በመቶ ከሆነ ፕላዝማው 55 በመቶ ነው። 667 ለ0.55 ሲካፈል 1,212 ሚሊ ሊትር ይመጣል። አስቀድመን በደቂቃ ከአንድ ሊትር አያንስም ያልነው መጠን ይኸው ነው።

አሁን ጠጋ ብለን እንመርምረው። በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት ሄማቶክሪቷ 25 ነው እንበል። ያው 667 ፕላዝማ ለ0.75 ሲካፈል 889 ብቻ ይሆናል። የሄማቶክሪቱን ልኬት ዘንግቶ የተለመደውን 45 ያስገባ ሰው ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ተሳስቷል። በቀጭን የመስታወት ቱቦ ደም ተወስዶ በሚሽከረከር መሣሪያ የሚታየው ያ ተራ የሚመስል የሄማቶክሪት ምርመራ፣ በዚህ ትልቅ ስሌት ውስጥ ወሳኝ ቦታ አለው።

ከዚህም የባሰ ስሕተት አለ። የታመመ ኩላሊት ፒኤኤችን የመልቀም ችሎታው ይደክማል። 90 በመቶ የነበረው ወደ 45 ወረደ እንበል። ወደ ኩላሊቱ የሚገባው ደም ምንም ሳይቀንስ የሚወጣው ፒኤኤች በግማሽ ይቀንሳል፤ ስሌቱም ከ600 ወደ 300 ይወርዳል። ወንፊቱ መቀደዱን ያላወቀ መርማሪ ውሃው ቀነሰ ብሎ ይጽፋል። ይህንን ለማረም ከብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከኩላሊቱ የሚወጣውን ደም መቅዳትና በእርግጥ ስንት በመቶው እንደተለቀመ ማወቅ ያስፈልጋል። ለጥናት ሲባል በሠለጠነ ሐኪም የሚደረግ እንጂ በየአልጋው የሚሠራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ፒኤኤችን በተመለከተ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በጤነኛ ሰው ላይ እስከ ዛሬ ሌሎች ዘዴዎች የሚመዘኑበት ሚዛን ነው፤ በድንገት ሥራ ባቆመ ኩላሊት ላይ ግን ብቻውን ቢታመን ያሳስታል።

(አጭር ሙዚቃ)

ምስልም ያሳስታል፤ ለዚህ አንድ ታሪክ ላንሣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ፍርስራሽ ተጭኗቸው በሕይወት የወጡ ሰዎች ከቀናት በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ ይሞቱ ነበር። ባይዎተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች ይህንን በ1941 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁ። ከስፔን ተሰዶ ኦክስፎርድ የገባው የካታሎንያ ተወላጁ ቀዶ ሐኪም ዦሴፕ ትሩዌታ ምክንያቱን ለማግኘት ጥንቸሎች ላይ ሞከረ። እግራቸውን አጥብቆ እያሰረ፣ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በደም ሥራቸው እየሰጠ፣ ደሙ ኩላሊት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በፊልም አነሣ። ደሙ ማጣሪያዎቹ ያሉበትን የውጨኛውን ክፍል ዘልሎ በውስጠኛው በኩል ሲያልፍ አየ። ከባልደረቦቹ ጋር በ1947 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ በዘመኑ ብዙ አነጋግሯል። በኋላ በሰው ላይ የተደረጉ ልኬቶች ግን ትሩዌታ እንዳሰበው ዓይነት ትልቅ መዝለል አላገኙም። የራጅ ፊልሙ መንገዱን ያሳያል፤ ስንት ሊትር እንዳለፈ አይናገርም፤ ጥንቸልም ሰው አይደለችም። ትሩዌታ ያነሣው ጥያቄ ግን ዛሬም ሕያው ነው። ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ጠቅላላ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ውስጡ እንዴት እንደሚከፋፈልም መታወቅ አለበት።

ይህንን ክፍፍል ለማወቅ በእንስሳት ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራባቸው ዘዴዎች አሉ። የኩላሊቱ ደም ወሳጅ ቧንቧ በቀዶ ጥገና ተገልጦ የአልትራሳውንድ ቀለበት ይደረግበታል፤ ድምፁ ከፍሰቱ ጋርና ከፍሰቱ በተቃራኒ ለመሄድ የሚወስድበት ጊዜ ልዩነት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንዳለፈ ይነግራል። በትክክለኛነቱ ይህንን የሚበልጥ እምብዛም የለም። ችግሩ ማደንዘዣውና ቀዶ ጥገናው ራሳቸው የኩላሊትን ደም መለወጣቸው ነው።

ሌላው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራበት የጥቃቅን እንክብል ዘዴ ነው። ስፋታቸው 15 ማይክሮ ሜትር የሆነ፣ ቀለም ወይም ጨረር ያላቸው ጥቃቅን እንክብሎች ወደ ልብ ይሰጣሉ። ከደሙ ጋር ተጉዘው ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ይቀረቀራሉ። ከዚያ ኩላሊቱ ወጥቶ ተቆራርጦ በየክፍሉ ስንት እንደቀረ ይቆጠራል። ለውጨኛው ክፍል ጥሩ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚሄደው ደም ግን መጀመሪያ በማጣሪያዎቹ በኩል ማለፍ ስላለበት እንክብሎቹ እዚያው ውጭ ይቀራሉ። ያ ለመጎዳት ቅርብ ነው ያልነው የውስጠኛው ክፍል ለዚህ ዘዴ አይታየውም። በዚያ ላይ እንስሳው ይሞታል፤ ነገ ተመልሶ የሚለካ ነገር የለም። በቀጭን የብርሃን ክር የሚሠራው ሌዘር ዶፕለር ውስጠኛውን ክፍል መድረስ ይችላል፤ ለውጡንም በየሰከንዱ ይከታተላል። ነገር ግን የሚያየው ክሩ ጫፍ ላይ ያለችውን አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ቦታ ነው፤ የሚሰጠውም ቁጥር ጨመረ ወይም ቀነሰ ለማለት ይጠቅማል እንጂ በሚሊ ሊትር አይነገርም። ጠንቃቃ ተመራማሪ እነዚህን ዘዴዎች አጣምሮ ይጠቀማል፤ ቀለበቱን ለጠቅላላው፣ ብርሃኑን ለውስጠኛው።

ወደ ሰው እንመለስ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሠራበት የዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር መርሑን ያቀረበው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው። ድምፅ ከሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ ንዝረቱ ይለወጣል፤ ከለውጡ የቀይ ደም ሴሎቹ ፍጥነት ይሰላል። መርፌ የለውም፣ ጨረር የለውም፣ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል።

ነገር ግን ከፍጥነት ወደ ሚሊ ሊትር ለመሄድ የቧንቧው ስፋትና ድምፁ የሚገባበት ማዕዘን በትክክል መታወቅ አለባቸው። የኩላሊት ደም ወሳጅ ቧንቧ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለሙያው ስክሪኑ ላይ ምልክቱን ግማሽ ሚሊ ሜትር አስፍቶ ካስቀመጠ ስሌቱ በ21 በመቶ ይዛባል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር በዚያ ስክሪን ላይ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ስሕተት ነው። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሆኖ በ5 ዲግሪ ቢሳት ደግሞ ሌላ 15 በመቶ ይጨመርበታል። በዚያ ላይ አንጀት ውስጥ ያለ አየር ምስሉን ይጋርዳል። በዶፕለር ተለካ ተብሎ በሚሊ ሊትር የተጻፈ ቁጥር ሲሰጣችሁ፣ የጤና ባለሙያዎች፣ በጥንቃቄ አንብቡት።

ይህንን ችግር ለመሸሽ ፈረንሳዊው ሊያንድር ፑርስሎ በ1974 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል መላ አመጣ። ልብ ስትመታ የሚደርሰው ከፍተኛው ፍጥነት 50፣ ልብ ስታርፍ የሚቀረው 18 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ነው እንበል። ልዩነቱ 32 ነው፤ 32 ለ50 ሲካፈል 0.64። ማዕዘኑ ከላይም ከታችም ስላለ ይሰረዛል፤ ስፋቱም አያስፈልግም። በአዋቂ ሰው እስከ 0.7 ድረስ ደኅና ነው ይባላል። ይህ ቁጥር የመቋቋም መለኪያ ይባላል እንጂ የደም መጠን አይደለም፤ የደም ሥሩ በዕድሜ የጠጠረበት ሽማግሌ፣ ልቡ ቀስ ብሎ የሚመታ ሰው፣ ኩላሊቱ ደኅና ሆኖ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

ዶፕለር እውነተኛ ጥቅሙን የሚያሳየው ጥያቄው አጭር ሲሆን ነው፤ ደም አለ ወይስ የለም? በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ዶክተር ጄፍሪ ፓንችና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። የተተከለ ኩላሊት የሚቀመጠው ከእምብርት በታች በጎን በኩል፣ ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። አየርና ስብ አይጋርደውም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደም ወሳጁ በረጋ ደም ቢዘጋ ኩላሊቱን ለማትረፍ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። እዚህ ላይ ማንም 600 ነው 650 ብሎ አይከራከርም። ስክሪኑ ላይ ቀለሙ እስከ ጫፍ ድረስ ገብቷል ወይስ አልገባም? ይህንን በደቂቃዎች ውስጥ አልጋው ላይ ሳለ የሚመልስ ከዶፕለር የተሻለ የለም።

የኑክሌር ሕክምናንና የኤምአርአይን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ቴክኒሺየም 99 ኤም የተባለው፣ ጨረሩ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ የሚቀንስ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና ካሜራው ግራና ቀኝ ኩላሊት እያንዳንዳቸው የሥራውን ስንት በመቶ እንደሚሸከሙ ያሳያል። አንዱን ኩላሊቱን ለወንድሙ ሊሰጥ ለተነሣ ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ኤምአርአይ ደግሞ ምንም ሳይወጋ የደሙን ውሃ ራሱን በማግኔት ምልክት አድርጎ ሊከተለው ይችላል፤ ወደፊት ተስፋ የሚጣልበት ነው። ማሽኑ ውድ ነው፤ ኩላሊት በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ስለሚል ምስሉ ይረበሻል። አንዳንድ ጊዜ ለኤምአርአይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የሚባለው ማቅለሚያም ኩላሊታቸው ክፉኛ የደከመ ሰዎችን ቆዳና ሰውነት እንደሚያደርቅ በ2006 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ በጥንቃቄ የሚሰጥ ሆኗል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ መሣሪያዎች መራዊ ሆስፒታል ውስጥ የሉም፤ መኖርም አይጠበቅባቸውም። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ሲሆን መንገዱ እጅግ ይረዝማል። ታካሚው እስኪላክ ድረስ ባለው ሰዓት ውስጥ ምን መለካት ይቻላል? የእኔ ሐሳብ ጠቅልሎ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

በሆስፒታል ላብራቶሪ የሚሠራ፣ ኩላሊት ሊያስወጣው የሚገባ ክሬቲኒን የተባለ ቆሻሻ በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚያሳይ ምርመራ አለ። ጀርመናዊው ማክስ ያፌ በ1886 እ.ኤ.አ. ያገኘው የቀለም ለውጥ ዛሬም ብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ክሬቲኒን ከፒክሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል። ይህም ቢሆን ነቀፋ አያጣም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ ደሙ ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን ቁጥሩን ሊያሳንሰው ይችላል። ክሬቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ስለሆነ በእርሻና በምግብ እጥረት የከሳ ገበሬ ኩላሊቱ እየደከመ ቁጥሩ ደኅና ሊመስል ይችላል። ከቁጥሩ የኩላሊትን አቅም የሚያሰሉት ቀመሮችም ለእኛ ሰው ታስበው አልተሠሩም። አንዱ የቀድሞ ቀመር ጥቁር ለተባለ ሰው ውጤቱን በ1.212 ያባዛ ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ በ1.159። መነሻቸው በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ባሉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ይህ ማባዣ የሜጫ ገበሬ ላይ ሲደረግ ደካማውን ኩላሊት ጠንካራ ያስመስለዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ቀመር ማባዣውን አውጥቶታል። በየሆስፒታሉ አሮጌውን ቀመር በስልካችሁ የምትጠቀሙ ባለሙያዎች እንድትለውጡት አደራ እላለሁ።

ከሁሉም በላይ ክሬቲኒን ይዘገያል። ደም ወደ ኩላሊት መሄድ ባቆመበት ሰዓት ቁጥሩ ገና ደኅና ነው፤ ከፍ ብሎ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። ሰኞ 0.7 የነበረ ረቡዕ 1.1 ሆነ እንበል። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ ሁለቱም በደኅናው ክልል ውስጥ ይውላሉ። ነገር ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው ይላል። ደኅና ነው ተብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ታሟል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ያልጣለ ቤተሰብና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ጤና መኮንን ይህንን ይይዙታል።

ክሬቲኒን ሳይነሣ አስቀድሞ የሚናገረው ሽንቱ ነው። ያው መመሪያ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ግማሽ ሚሊ ሊትር ይላል። 60 ኪሎ ለምትመዝን እናት በሰዓት 30፣ በስድስት ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ነው። ለስድስት ሰዓት ያህል ከዚያ በታች ከሆነ ኩላሊቷ ተጎድቷል ወይም ሊጎዳ ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በአልጋው ጎን የተንጠለጠለችውን የሽንት ከረጢት አስቡ። ነርሷ በየሰዓቱ ጎንበስ ብላ መስመሩን አንብባ፣ ከደም ግፊቱ ጎን ብትጽፈው፣ የጻፈችው ቁጥር የእናቲቱ ኩላሊት ስንት ደም እንዳገኘ በሚሊ ሊትር አይነግራትም። ሆኖም ፒኤኤች የሚሳሳትበት፣ ክሬቲኒን የሚዘገይበት ያ ሰዓት ላይ እውነቱን ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች እንደሚያዛቡትም ታውቃለች፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ያለውን ትመዘግባለች።

ለሆስፒታሎቻችን ገንዘብ ተገኝቶ ምን ይገዛ ብትሉኝ፣ ከኤምአርአይ በፊት ላለው አልትራሳውንድ ዶፕለር የሚችል ሰው ይሠልጥንለት እላለሁ፤ ከዚያም በፊት ክሬቲኒን የሚሠራበት ኬሚካል እንዳይቋረጥ፣ የሽንት ከረጢትና የመመዝገቢያ ቅጽ ከማዋለጃ ክፍል እንዳይጠፋ። ለምርምር የተዘጋጃችሁ ወጣቶች ደግሞ ለዚህ አገር ሰው የሚሆን የክሬቲኒን ቀመር ቢሠራ ትልቅ ሥራ ነው። የሜጫና የቡሬ ገበሬ የተለካበት ቀመር እስኪኖር ድረስ የሌላውን ሰው ልብስ እየለበስን መቆየታችን ነው።

ለእናንተ በየቤታችሁ ለምትሰሙን ደግሞ ይህንን አደራ እላለሁ። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ቢኖር ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወስዳችሁ በመመሪያው በጥብጣችሁ አጠጡት። ለወገብና ለራስ ሕመም ብሎ በዚያ ጊዜ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን እንዳይወስድ። ወደ መተማ የምትወርዱ ልጆቻችን፣ ውሃችሁን ይዛችሁ ውረዱ። የታመመ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሽንቱ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ እጅግ ትንሽና የጠቆረ ከሆነ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የጤና መድን ደብተራችሁንና ከዚህ በፊት የተሰጣችሁን የላብራቶሪ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናው ስንት ሰዓት እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሩት።